«ሥራዬ በአንድ ቁልፍ ካለቀ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን የጻፈችልን እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት እንደገባሁ ከጅቡቲና ከሞጆ የተላኩ ስካኖችን እከፍታለሁ። ሁሉም ‹ስካን 0041›፣ ‹ስካን 0042› እየተባሉ ነው የሚመጡት። ኢንቮይሱን (የዋጋ ሰነዱን)፣ ፓኪንግ ሊስቱን (የጥቅሎቹን ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን (የመርከብ ጭነት ሰነዱን) ለይቼ ስማቸውን ቀይሬ በየደንበኛው ፎልደር አስገባለሁ። ከዚያ ለጉምሩክ ሸኚ ደብዳቤ አለ። የትናንቱን ከፍቼ ቀኑን፣ የደንበኛውን ስም፣ የጥቅሉን ብዛትና ክብደቱን እቀይራለሁ። ባለፈው የአንዱ ደንበኛ ክብደት በሌላው ደብዳቤ ላይ ቀርቶ ወጣና ሰው ፊት አፈርኩ። ማታ ደግሞ ከአራት ቅርንጫፎች የሚላኩ ኤክሴሎችን ኮፒ ፔስት እያደረግኩ አንድ ሪፖርት አወጣለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ከቢሮ መውጣት ከቀረብኝ ቆየ። ዱባይ ያለው ወንድሜ፣ አንዱን ቁልፍ ሲነኩት ሥራውን በራሱ የሚሠራ፣ ትንንሽ ስክሪን ያላቸው ቁልፎች የተደረደሩበት ዕቃ አይቶ ‹ላምጣልሽ ወይ?› ብሎኛል። ይጠቅመኛል? ደግሞስ ሥራዬ በአንድ ቁልፍ የሚያልቅ ከሆነ አለቆቼ ‹ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪልናለሽ?› አይሉኝም? እባክዎ ይምከሩኝ። ጣቶቼ የዛሉ፣ ከቃሊቲ።»

እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር፤ ገንዘቡን ሳያወጣ መልስ ያስፈልገዋል። ያየው ዕቃ ስትሪም ዴክ ይመስለኛል። ኤልጋቶ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ነው። የመጀመሪያው 15 ቁልፎች ነበሩት፤ ዋጋውም 150 ዶላር ገደማ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው በኢንተርኔት ቀጥታ ቪዲዮ ለሚያስተላልፉ ሰዎች ነው፤ ካሜራ እንዲቀይሩበት፣ ማይክ እንዲዘጉበት። ቆይቶ የቢሮ ሰዎችም ወደዱት። ዕቃው ጥሩ ነው። ግን ቁልፉ በራሱ ምንም አያውቅም። ስትጫኚው ምን እንደሚሆን አስቀድመሽ የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። ሶፍትዌሩም ቢሮሽ ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት። የአይቲ ክፍላችሁ ያለ ፈቃድ ምንም አይጫንም የሚል ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ «ለጊዜው ተወው» በዪው። የተዘጋጀ ሥራ ካለሽ ኪቦርድሽ ላይ ያሉት ቁልፎች ይበቁሻል።

አንቺ የጻፍሽው እንደ አንድ ትልቅ ድካም ነው። እኔ ሳነበው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ የእጅ ሥራ አለ፣ የዓይንና የጭንቅላት ሥራም አለ። ስካኑን አይተሽ «ይሄ ኢንቮይስ ነው» ማለት የጭንቅላት ነው። ስሙን መጻፍ የእጅ ነው። ለማሽኑ የምትሰጪው የእጁን ብቻ ነው። ሌላውን ስትሰጪው ነው ነገር የሚበላሸው።

ከማታው ሪፖርት ጀምሪ። ብዙ ጊዜሽን የሚወስደው እሱ ነው፤ ለማስተካከልም ከሦስቱ የሚቀለው እሱ ነው። አዲስ ነገር መጫን አያስፈልግሽም። ከኤክሴል 2016 ጀምሮ ፓወር ኩዌሪ የሚባለው፣ ከተለያዩ ፋይሎች መረጃ የሚሰበስብ መሣሪያ እዚያው ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ኤክሴል ላይ ሲውል ሲያድር ይሄን በር ሳይከፍተው መኖሩ ሁሌ ይገርመኛል።

አንድ ፎልደር ክፈቺና አራቱን ፋይሎች ብቻ አስገቢበት። ከዚያ አዲስ ኤክሴል ከፍተሽ ዳታ የሚለው ውስጥ ግቢ። ጌት ዳታ፣ ፍሮም ፋይል፣ ፍሮም ፎልደር። ፎልደሩን አሳዪው። ኮምባይን ስትዪው አንዱን ፋይል ለናሙና ያወጣልሻል፤ የትኛው ሺት እንደሚፈለግ ጠቁሚው። አራቱንም አንብቦ ከላይ ወደ ታች ይደረድራቸዋል። የማትፈልጊውን ዓምድ አውጪ፣ ባዶውን ረድፍ አጥፊ፣ ቁጥሩን ቁጥር አድርጊ። የሠራሽውን እያንዳንዷን እርምጃ በቀኝ በኩል በተራ ይመዘግባታል። ይህን ሁሉ የምትደክሚው አንዴ ነው። በማግስቱ አዲሶቹን አራት ፋይሎች በትናንቶቹ ቦታ ታስቀምጪና ሪፍሬሽ ኦል ትያለሽ። በኪቦርድ ከሆነ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 5 አብረሽ ትጫኛለሽ። ሪፖርቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። አንድ ቁልፍ ስትዪ የነበረው ይሄው ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። የአሮጌዎቹን ፋይሎች ማስቀመጫ እዚያው ፎልደር ውስጥ እንዳታደርጊው። ፓወር ኩዌሪ በውስጡ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮች ጭምር ስለሚያነብ የትናንቱን ጭነት ከዛሬው ጋር ደምሮ ያቀርብልሻል። ቁጥሩ ስለሚያምር ማንም አይጠረጥርም።

ሁለተኛው ከሰው የሚመጣ ነው። ከአራቱ ቅርንጫፎች አንዱ ጋ ትጉህ ልጅ አይጠፋም። ይሄ ልጅ አንድ ቀን «ብዛት» የሚለውን ርዕስ «የጥቅል ብዛት» ብሎ ያሳምረዋል። ለሰው ያው ነው። ለኤክሴል ግን «ብዛት» የሚባል ዓምድ ጠፋ ማለት ነው። ወይ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ ወይም የባሰው፣ የዚያን ቅርንጫፍ ቁጥር ባዶ አድርጎ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ለአራቱም አንድ ዓይነት ቅጽ ላኪላቸው፤ የርዕሱን ረድፍ በፕሮቴክት ሺት ቆልፈሽ። ሪፖርቱ ሥር ደግሞ የየቅርንጫፉን ድምር ለየብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሰንጠረዥ ጨምሪ። አንዱ ዜሮ ካለ ወዲያው ታይዋለሽ።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። የክብደቱ ስህተት ከቸልተኝነትሽ የመጣ አይመስለኝም። የትናንቱን ደብዳቤ ከፍቶ የማረም ልማድ ራሱ ስህተት ይጠራል። ያልተቀየረው ቁጥር ከተቀየረው ጋር እኩል አምሮ ይቀመጣላ! ባዶ ቅጽ ቢሆን ኖሮ ያልተሞላው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታይሽ ነበር።

መፍትሔው ዎርድ ውስጥ ያለው ሜይል መርጅ ነው። ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ረድፍ ትሞያለሽ፦ የፋይል ቁጥር፣ ደንበኛ፣ ብዛት፣ ክብደት፣ ቀን። ዎርድ ላይ ደግሞ ሸኚ ደብዳቤውን አንዴ አሳምረሽ ትጽፊና ቁጥሮቹ የሚገቡበት ላይ ከሜሊንግስ ውስጥ ኢንሰርት መርጅ ፊልድ እያልሽ የዓምዶቹን ስም ትተክያለሽ። ጠዋት ሰባት ፋይል ካለ ሰባት ረድፍ ሞልተሽ ፊኒሽ ኤንድ መርጅ ስትዪ ሰባት ደብዳቤ ይወጣል። የአንዱ ክብደት ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ረድፉ ላይ ራስሽ ካልተሳሳትሽ በስተቀር።

የእኛ አገር ሰው ሜይል መርጅን ሞክሮ የሚተወው ቀኑ ስለሚያስቸግረው ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። 12/1/2017 ብለሽ መስከረም 12ን ስትጽፊ እሱ ጃንዋሪ 12 ወይም ዲሴምበር 1 ነው ብሎ ይይዘዋል፤ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ። 30/2/2017 ብለሽ ጥቅምት 30ን ስትጽፊ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ የቀኑን ዓምድ ከመጀመሪያው ቴክስት አድርጊውና «ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብለሽ በፊደል ጻፊው። ዎርድ ላይ ያለውን ቀን ማስገቢያም አትንኪው፤ የፈረንጁን ነው የሚያመጣው።

ክብደቱም እንዲሁ አንድ አመል አለበት። ኤክሴል ላይ 12450.6 የሚለው ደብዳቤው ላይ ከነጥቡ በኋላ የቁጥር ጭራ አስከትሎ ሊወጣ ይችላል። አጠገቡ ሌላ ዓምድ ጨምረሽ ቴክስት በሚባለው ፎርሙላ ቁጥሩን እንደምትፈልጊው አስተካክለሽ አስቀምጪና ደብዳቤው ከዚያ ይውሰድ።

ሌላው የፊደል ነገር ነው። የድርጅታችሁ ሸኚ ደብዳቤ ከዓመታት በፊት ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ከሆነ ሲያዩት አማርኛ ነው፤ ውስጡ ግን የላቲን ፊደል ነው። ከኤክሴል የሚመጣው ስም እዚያ ሲገባ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ለማወቅ ቀላል ነው። ጽሑፉን ምረጪና ፎንቱን ወደ አሪያል ቀይሪው። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ሰላም ነው። የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ከሆነ አሮጌ ነው፤ ቁጭ ብለሽ በኒያላ ወይም በሌላ ዩኒኮድ ፎንት እንደገና ጻፊው። አንድ ገጽ ናት፤ አትስነፊ።

ስካኖቹ ላይ ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም። የትኛው ሰነድ የትኛው እንደሆነ መለየቱ የዓይንሽ ሥራ ነው፤ እሱን አሁን ባለሽ ዕቃ ለማሽን ለመስጠት አትድከሚ። እጁን ግን ማሳጠር ትችያለሽ። ፎልደሩን ከፍተሽ አልት እና ፒ ተጫኚ፤ ፋይሉን ሳትከፍቺ በጎን ያሳይሻል። ኤፍ 2 ብለሽ ስሙን ጻፊ፤ ከዚያ ኢንተር ሳይሆን ታብ ተጫኚ። ወደሚቀጥለው ፋይል ስም ራሱ ይወስድሻል። ማውሱን ሳትነኪ ትጨርሻለሽ። የአይቲ ክፍሉ ከፈቀደልሽ የማይክሮሶፍት የሆነው ፓወርቶይስ በነጻ ይገኛል፤ ውስጡ ፓወርሪኔም የሚባል አለ። የመረጥሻቸውን ፋይሎች ሁሉ ስም በአንዴ ይቀይራል፤ ከመቀየሩ በፊትም አዲሱን ስም ያሳይሻል። ለአንድ ደንበኛ ሃያ ገጽ ሲመጣ ጥሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሞጆና ጅቡቲ ላሉት ልጆች ደውይላቸው። ስካነሩ ላይ «ስካን» የሚለውን መነሻ ስም በሰነዱ ዓይነት መቀየር ይቻል እንደሆነ ይዩልሽ። እነሱ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ነው ስካን የሚያደርጉት፤ ኢንቮይስ መሆኑን ያን ጊዜ ያውቁታል። አንቺ እንደገና መለየት ለምን አስፈለገሽ?

ማክሮ ስለሚባለው ሳትሰሚ አልቀረሽም። ኤክሴል ሪኮርድ ማክሮ ስትዪው የምትሠሪውን ይቀዳል፤ በኋላ በአንድ ቁልፍ ይደግምልሻል። ሪፖርቱን ቀለም ለመቀባት፣ መስመር ለማስመር፣ ለኅትመት ለማዘጋጀት ይሆንሻል። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ስትቀጂ ሪፖርቱ 40 ረድፍ ከነበረና በማውስ ጎትተሽ ከመረጥሽው እሱ የሚያስታውሰው 40 ረድፍ ነው። ነገ 57 ረድፍ ሲመጣ 17ቱን ሳይነካ ይተዋል። ስለዚህ ስትቀጂ በማውስ አትጎትቺ፤ በኮንትሮል፣ ሺፍት እና ወደ ታች ቀስት ምረጪ። ያኔ «እስከ ዳታው መጨረሻ» ብሎ ይይዘዋል። መሃል ላይ ባዶ ሴል ካለ ግን እዚያው ይቆማልና ባዶ የማይኖርበትን ዓምድ ይዘሽ ውረጂ። ደግሞ ማክሮ የሠራውን በኮንትሮል ዚ መመለስ አይቻልም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ሁልጊዜ ኮፒው ላይ ሞክሪ።

ማውስሽ የሄደበትን ቀድተው የሚደግሙ ትንንሽ ፕሮግራሞችም አሉ። እነሱን አልመክርሽም። «ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል ሄደህ ተጫን» ነው የሚያውቁት። መስኮቱ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ወይም መሃል ላይ አንድ ማስታወቂያ ብቅ ካለ ሌላ ነገር ይጫኑብሻል። ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮ የሚመጣው ፓወር አውቶሜት ይሻላል፤ ቁልፉን በቦታው ሳይሆን በማንነቱ ነው የሚፈልገው። ያም ቢሆን ከላይ ያሉት ከተስተካከሉ በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

የጉምሩኩን የነጠላ መስኮት ሲስተም በራሱ እንዲሞላ ለማድረግ ግን እንዳታስቢ። ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ የታሪፍ ቁጥር ቢሳሳት የሚከተለውን ጣጣ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እዚያ እጅሽም ዓይንሽም ይኑር። የይለፍ ቃልሽንም በማክሮም ሆነ በሌላ ፋይል ውስጥ እንዳትጽፊ። ኢሜይልም ቢሆን ተዘጋጅቶ ድራፍት ውስጥ ይጠብቅሽ እንጂ በራሱ አይሂድ። ላክ የሚለውን አንቺ ተጫኚው። የተሳሳተ ደብዳቤ አንድ ሆኖ ሲወጣ ያሳፍራል፤ ሰባት ሆኖ ሲወጣ ግን ደንበኛ ያሳጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ። «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብዬ አልሸነግልሽም። ሥራው ሁሉ ኮፒ ፔስት የሆነ ሰው ቢሰጋ እውነት አለው። የአንቺ ግን እንደዚያ አይደለም። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ 320 ካርቶን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ 302 ተብሎ ሲመጣ የምትይዢው አንቺ ነሽ። ወይም መያዝ የነበረብሽ አንቺ ነሽ፤ አሁን ጊዜ የለሽም እንጂ። ያንን ልዩነት ዕቃው ወደብ ላይ ከቆመ በኋላ ማግኘትና ከመድረሱ በፊት ማግኘት በዲመሬጅ (ዕቃው ወደብ ላይ በመዘግየቱ በሚከፈለው ገንዘብ) ሲቆጠር ስንት እንደሆነ አለቃሽ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ንግግርሽን ከዚህ ጀምሪ።

መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል አሮጌውንም አዲሱንም ጎን ለጎን ሥሪ። ይደክማል፤ ግን ቁጥሮቹ እኩል መምጣታቸውን የምታሳዪበት ማስረጃ ይሆንሻል። ከዚያ ለቅርብ አለቃሽ አሳዪው። «ሁለት ሰዓት ተረፈኝ» እያልሽ አትግቢ፤ እንዲህ ካልሽው ሁለት ሰዓት የሚሞላ የሌላ ሰው ሥራ ጠረጴዛሽ ላይ ይከመራል። «ያ የክብደት ስህተት እንዳይደገም ይህን አደረግኩ፤ በተረፈው ጊዜ ሰነዶቹን ከዲክላራሲዮን በፊት አመሳክራለሁ» በዪው። ጊዜው ምን ላይ እንደሚውል አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። በዓመታዊ ምዘና ወቅት የደሞዝ ወይም የመደብ ጥያቄ ለማንሳትም እጅሽ ላይ የሚታይ ነገር ይኖርሻል።

ለመደበቅ ግን አትሞክሪ። እንደዚያ ያደረጉ አይቻለሁ፤ ዓመት ፈቃድ መውጣት አቅቷቸው ቀርተዋል። አንድ ቀን ብታመሚ ሪፍሬሽ የሚል ሰው ጠፍቶ ስልክሽ ሲጮህ ይውላል። ፎልደሩ የት እንዳለ፣ ምን ተጭኖ ምን እንደሚሆን፣ ሲበላሽ በእጅ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ከፋይሉ ጋር አስቀምጪ። አጠገብሽ ለምትሠራው ልጅም አሳያት።

ድርጅታችሁ ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ከሆነ በሰኔ አዲስ ነገር አትጀምሪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሥራ ቀለል የሚልበትን ሳምንት ምረጪና ሪፖርቱን ብቻ አስተካክዪ። እሱ ለጥቂት ጊዜ ሳያስቸግርሽ ከሄደ ደብዳቤውን ቀጥዪ። ሞጆ ላሉት ልጆች ግን ዛሬውኑ መደወል ትችያለሽ።